«ወጣት ነሽ፣ ምንም የለብሽም» ሲሉሽ

ከማክሰኝት ዙሪያ ገጠር የመጣች የ19 ዓመት ልጅ «ይደክመኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል» ብላ ሐኪም ፊት ብትቀርብ ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ ይታወቃል። ደም ማነስ ነው፣ ጨጓራ ነው፣ ጭንቀት ነው ትባላለች። ሳል ካላት ሳንባ ምች ወይም አስም ይባልላታል፤ አክታዋ ለቲቢ ይመረመርና «ነፃ ነሽ» ተብላ ትመለሳለች። የልብ ነገር የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዳንዴም እግሯ አብጦ፣ ሆዷ ከተነፋ በኋላ።

ባለሙያው ክፉ ሆኖ አይደለም። በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ምልክቶቹም ይመሳሰላሉ። የልብ ሕመም የሽማግሌና የወፍራም ሰው በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብም ሐኪሙንም ታማሚውንም ያሳስታል። በአገራችን ግን ልጆችንና ወጣቶችን ከሚይዙ የልብ ሕመሞች ዋነኛው ከጉሮሮ ሕመም የሚነሳ ነው፤ ሐኪሞች ሪውማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል።

አመጣጡ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮውን ይታመማል፤ በጥቂት ቀን ይሻለዋል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ትኩሳት ይነሳበታል፤ ጉልበቱ ያብጣል፣ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ ወይም ክርኑ ይቀጥላል። ቤተሰብ «ቁርጥማት ነው» ብሎ ያልፈዋል። በዚህ ጊዜ ባክቴሪያውን ሊወጋ የተነሳው የሰውነት መከላከያ የራሱን ልብ እየነካ ነው። የጉሮሮው ሕመም በተደጋገመ ቁጥር ደም የሚያሳልፉት የልብ በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹ፣ እየጠባሰሱ ይደድራሉ፣ ይጠብባሉም፤ ጥበቱ እስኪሰማ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያስቀርም። ባክቴሪያውን የሚያጠፋው ፔኒሲሊንን የመሰለ መድኃኒት ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በግራ በኩል ያለው ሚትራል የተባለው በር ነው። ጤነኛ ሲሆን ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይከፈታል፤ ከ1.5 በታች ሲወርድ ነገሩ ከባድ ነው። ደሙ ወደ ፊት ማለፍ ሲያቅተው ወደ ሳንባ ይጠራቀማል። ልጅቷ ዳገት ስትወጣ የምትታፈነው፣ ሌሊት ጋደም ስትል የሚያስላት፣ ሳሏም አስም የሚመስለው ለዚህ ነው። ስታረግዝ ደግሞ የደሟ መጠን በግማሽ ያህል ስለሚጨምር ተደብቆ የኖረው ሕመም በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ወር ብቅ ይላል፤ ያኔም «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» ትባላለች። ከወለደች በኋላ ባሉት አምስት ወራት አዲስ የትንፋሽ ማጠርና የእግር እብጠት ቢመጣም የአራስነት ድካም ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ወሊድን ተከትሎ የሚመጣ ሌላ የልብ ጡንቻ ድካም አለ።

እንግዲህ ሐኪሙ እንዲሰማ ምን ይባል? «ያመኛል፣ ይደክመኛል» የሚለውን በቀን ብዙ ሰው ይነግረዋል። ሰውነት ምን መሥራት እንዳቃተው መንገር ግን ሌላ ነው። እንዲህ ብትለው፦

«ዶክተር፣ አምና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አዝዬ ከምንጩ እስከ ቤት ሳላርፍ እገባ ነበር። ከጥቅምት ወዲህ ሦስት ቦታ አርፋለሁ። ሌሊት ጋቢ አጥፌ ትራሱ ላይ ካልደረብሁ ያፍነኛል፤ ተነስቼ መስኮት እከፍታለሁ። ልጅ ሆኜ ጉልበቴ አብጦ ያውቃል።»

ይህን የሰማ ሐኪም ስለ ልብ ሳያስብ ማለፍ ይከብደዋል። ከየት ተነስታ የት እንደደረሰች፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ስትተኛ ምን እንደሚሆን፣ በልጅነቷ ምን እንደነበረ በአራት ዓረፍተ ነገር ነግራዋለች። ከቤት ሳይወጡ ይህን ከእናት ወይም ከእህት ጋር አንድ ጊዜ ደግሞ መለማመድ ይጠቅማል፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ አፍ ይያዛልና። ዓይን አፋር ለሆነች ልጅ ሌሊት ስታቃስት የሰማ ሰው አብሯት ቢገባ ጥሩ ነው፤ ግን ባል ወይም አባት እሷን አስቀምጦ ብቻውን እንዳይናገርላት።

በእኛ አገር ለሐኪም መልሶ መናገር እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እኔ እንደማምነው ግን በአክብሮት መጠየቅ ጨዋነትን አያጎድልም። «ዶክተር፣ ድፍረት አይሁንብኝና ልብ አለመሆኑን በምን አወቅን?» ማለት ይቻላል። ቀጥሎ «በማዳመጫው ልቤን ያዳምጡልኝ» ማለት ነው። የጠበበ የሚትራል በር ድምፅ ዝቅተኛ ነው፤ ታማሚዋ ትንሽ ተንቀሳቅሳ በግራ ጎኗ ስትተኛ የተሻለ ይሰማል፤ ተቀምጣ በልብስ ላይ በችኮላ ከተዳመጠች ሊያመልጥ ይችላል። የልብን ምት የሚመዘግበው ኤሲጂ ወይም ራጅ ደህና ነው ቢባልም ጥያቄው አልተዘጋም፤ በሩን ራሱን የሚያሳየው ኤኮ ነው። ኤኮ እርጉዝ ሴት እንደምትነሳው ያለ አልትራሳውንድ ነው፤ አያምም።

የኤኮ መሣሪያው በተቋሙ ከሌለ ጥያቄው ወደ ሪፈር ይዞራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከማክሰኝት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባስ ይዞ በአዘዞ በኩል ይደረሳል። ያለ ሪፈር ወረቀት መሄድ ግን ያስከፍላል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሚሸፍነው ደረጃውን ጠብቆ የተላከን ሰው ነው። ሪፈር አያስፈልግሽም ከተባለች፣ የነገረችው ምልክትና ሪፈር ያልተጻፈበት ምክንያት ካርዷ ላይ እንዲጻፍ ትጠይቅ። ብዕሩን ያነሳ ሰው አንድ ጊዜ ደግሞ ያስባል። ያም ካልሆነ በሌላ ቀን ሌላ ባለሙያ ዘንድ መቅረብ፣ ወይም የተቋሙን ኃላፊ ማነጋገር ነውር የለበትም።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ። ደም የቀላቀለ አክታ፣ ራስን መሳት፣ ድንገት የአፍ መጣመም ወይም የግማሽ አካል መስነፍ፣ ቁጭ ብሎም መተንፈስ አለመቻል ከታየ ካርድ ክፍል ሳይሰለፉ ድንገተኛ ክፍል መግባት ያስፈልጋል። በተለይ ዕድሜው የገፋ ሰው ደረቱን እንደ ድንጋይ ተጭኖት ካላበው፣ ሕመሙም ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ ኤሲጂ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊነሳ ይገባል፤ «ጨጓራ ነው» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሪውማቲክ የልብ ሕመም ቶሎ መታወቁ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ ለመረዳት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለውን የልብ ማዕከል ማሰብ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ያስገነባው ይህ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለብዙ ወላጅ ተስፋ ሆነ፤ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት ሕፃናት ግን ከአቅሙ በላይ ናቸው። የአፍሪካ ባለሙያዎች በየካቲት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተሰብስበው ይህ ሕመም ከአህጉሩ የሚጠፋበትን መንገድ ሲመክሩ አንዱ ጉዳይ ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ እንዲገኝ ማድረግ ነበር። በሩ ገና ብዙ ሳይጎዳ የተገኘች ልጅ በፔኒሲሊን መርፌ ልትጠበቅ ትችላለች፤ ዘግይታ የመጣችው የምትጠብቀው የቀዶ ሕክምና ተራ ነው።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላም ታማሚው ራሱ የሚከታተለው ነገር አለ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ ነው፤ በሩ ለተጎዳበት ሰው ቢያንስ 10 ዓመት፣ ብዙ ጊዜም እስከ 40 ዓመቱ ድረስ ይቀጥላል። ጠበል የሚሄድ ሰው መርፌውንም ኪኒኑንም ሳያቋርጥ መጠመቅ ይችላል። መርፌው አብዝቶ የሚቋረጠው ሰው ከቀዬው ሲርቅ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርድ ወጣት የመርፌው ቀን እዚያ ሳለ ይደርስበታል። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት የሕመሙ ስም፣ የመድኃኒቱ መጠንና የሚቀጥለው መርፌ ቀን በግልጽ የተጻፈበት ወረቀት ከሐኪሙ ይቀበል፤ መተማ እንደደረሰም ጤና ጣቢያው የት እንደሆነና መርፌው መኖሩን ሥራ ሳይጀምር ይጠይቅ።