የካኩማ ዱቤ

በካኩማ መጠለያ የሚኖር ስደተኛ የይለፍ ወረቀት ሳይዝ ርቆ መሄድ አይችልም። የእርዳታ ድርጅት ቢቀጥረው የሚያገኘው «ማበረታቻ» የሚባል ገንዘብ ነው፤ ይህም አብሮት ለሚሠራው ኬንያዊ ከሚከፈለው ደመወዝ እጅግ ያንሳል። ለባንክ የሚያስይዘው ቤትም ሆነ መሬት የለውም። እንዲህም ሆኖ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በመጠለያው ከ2,000 በላይ የንግድ ቤቶች መኖራቸውን ገልጾ፣ የመጠለያውንና የአጠገቡን ከተማ ገበያ በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገምቶታል። ይህ ሁሉ ንግድ በምን ካፒታል እንደቆመ ለማወቅ የፈለገ ሰው የባለሱቁን የዱቤ ደብተር ገልጦ ማየት አለበት።

ካኩማ በሰሜን ምዕራብ ኬንያ፣ በቱርካና ደረቅ ምድር፣ ከሎድዋር ወደ ሎኪቾጊዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። መጠለያው የተከፈተው በ1992 ነው። መጀመሪያ ከገቡት መካከል ብዙዎቹ የደቡብ ሱዳን ልጆች ነበሩ፤ በ1991 ደርግ ሲወድቅ በኢትዮጵያ ከነበሩት ከኢታንግ፣ ከፒኝዶና ከዲማ መጠለያዎች ወጥተው፣ በእግራቸው ሱዳንን አቋርጠው የደረሱ። ከዚያው የመንግሥት ለውጥ የሸሹ ኢትዮጵያውያንም በሞያሌ በኩል ኬንያ ገብተው ዋልዳ በተባለ መጠለያ ከቆዩ በኋላ ወደ ካኩማ ተዛወሩ። ሶማሌዎች፣ ኮንጎዎች፣ ብሩንዲዎችና ሌሎችም ተከተሉ። በ2016 አጠገቡ ከተከፈተው ከካሎቤዬ ሰፈራ ጋር ሲደመር ዛሬ የነዋሪው ቁጥር ወደ 300,000 ይጠጋል። እዚያው ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ ልጅ የወለዱ አሉ።

የዱቤውን መንገድ ለመከተል ከአንዲት የልጆች እናት መነሳት ይሻላል። ራሽን በሚታደልበት ቀን ማሽላ፣ አተር ክክና ዘይት ተቀብላ ትመለሳለች። ማሽላው ያልተፈጨ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች። ገንዘብ ከሌላት ከእህሉ ቀንሳ ለወፍጮው ትከፍላለች። የሚታደለው ማገዶ ስለማይበቃ ከሰል ተሸክማ ለመጣች የቱርካና ሴት ደግሞ ጥቂት ጣሳ ትሰፍርላታለች። ስኳር፣ ወተት፣ ቲማቲም፣ የልጆች ደብተር በራሽኑ ውስጥ የሉም፤ ለእነሱም ከእህሉ ይሸጣል። ቀጣዩ እደላ ሳይደርስ ጆንያው ባዶ ይሆናል። ያኔ ወደምታውቀው ባለሱቅ ትሄዳለች፤ ዱቄቱንና ዘይቱን ይሰጣታል፣ ስሟ ደብተሩ ላይ ይሰፍራል። መያዣው የራሽን ካርዷ ነው። በ2015 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከእርዳታው ከፊሉን «ባምባ ቻኩላ» በሚባል ዘዴ በሞባይል መላክ ሲጀምር፣ አንዳንዱ ባለሱቅ በካርዱ ፈንታ የደንበኛውን ሲም ካርድ ከነምስጢር ቁጥሩ መያዝ ጀመረ።

ይህ አሠራር ክፉ ጎን አለው፤ መሸፋፈን አያስፈልግም። የዱቤ ዋጋ ከእጅ በእጅ ዋጋ ይበልጣል፤ ዕዳ ያለባት ሴትም ሌላ ሱቅ ሄዳ ዋጋ ማወዳደር አትችልም። ይሁን እንጂ ባለሱቁን አራጣ አበዳሪ ብሎ መፈረጅ ነገሩን አለማወቅ ነው። ሕፃን ሲታመም፣ እደላው ሲዘገይ፣ ታራች የሚባለው ወንዝ ሞልቶ ቤት ሲያፈርስ፣ ቅጽ ሳያስሞላ እህል የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው። «ራሽኑን የሚሸጥ ስደተኛ ጠግቧል ማለት ነው» የሚለውንም ክስ ልቀበለው አልችልም። ራሁል ኦካ የተባለው አንትሮፖሎጂስት ስለ ካኩማ በ2014 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ከራሽናቸው ሸጠው ሻይና ስኳር፣ አንዳንዴም ለእንግዳ የሚሆን ለስላሳ የሚገዙት እንደ ሰው ለመኖር፣ ክብራቸውን ለመጠበቅ መሆኑን አሳይቷል። እንግዳ ተቀብሎ ቡና ሳያፈላ መሸኘት ምን ማለት እንደሆነ የእኛ አንባቢ ያውቀዋል።

ባለሱቁም በተራው ባለዕዳ ነው። ሸቀጡን የሚያመጣው ከጅምላ አከፋፋዮች በዱቤ ሲሆን፣ ከእነሱ ብዙዎቹ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን ናቸው። አከፋፋዩ ከኪታሌና ከኤልዶሬት በጭነት መኪና ያስመጣል፤ ራሱ ሄዶ ዕቃ መምረጥ ስለሚቸግረው በስልክ ያዛል፣ በኤምፔሳ ይከፍላል፣ በደላላ ያስጭናል። ኢትዮጵያውያን በምግብ ቤት፣ በቡና ቤትና በጅምላ ንግድ ስም አውጥተዋል። እንጀራና ወጥ የሚሸጡ ቤቶቻቸው ከስደተኛው ሌላ የድርጅት ሠራተኛውና የከተማው ሰው የሚመገብባቸው ናቸው። የመብራት መስመር ባልደረሰበት ሰፈር ጀነሬተር ገዝቶ ለጎረቤት ሽቦ የዘረጋውና በየወሩ ሂሳብ የሚሰበስበውም ያው ነጋዴ ነው።

የመነሻ ገንዘቡ ከየት መጣ? ለአንዳንዱ አሜሪካ ወይም አውስትራሊያ የሰፈረ ወንድም በሀዋላ ልኮለታል። ለብዙዎች ግን ዕቁብ ነው። እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን ይዞ መጥቷል፤ ሶማሌዎቹ አዩቶ ይሉታል፣ ኮንጎዎቹ ሊኬሌምባ፣ ኬንያውያን ጎረቤቶቻቸው ቻማ። አሥር ሴቶች በወር አንድ ሺህ ሽልንግ ቢጥሉ፣ ዕጣ የወጣላት አሥር ሺህ ይዛ ትወጣለች፤ ለሻይ ቤት ማንቆርቆሪያውን፣ ብርጭቆውንና የመጀመሪያውን ስኳር ይገዛላታል። በስደት ላይ ዕቁብ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ዕጣውን የበላ ሰው የሦስተኛ አገር ጉዞው ደርሶ ድንገት ሊሄድ ይችላልና። ስለዚህ ዋስ አጥብቆ መያዝ ግድ ነው፤ መጀመሪያ የሚሰጠውም በደንብ ለሚታወቅ ሰው ነው። ባንክ የማያውቀውን ነገር፣ ማለትም የሰውን ጠባይና የቤቱን ጉዳይ፣ ጎረቤት ጠንቅቆ ያውቃል።

ዕድሩ ደግሞ ለሞት ነው። አገር ቤት ያለ ሰው ሲሞትበት ዘመድ ይሰበሰባል፤ ካኩማ ላይ ዘመዱ ራሱ ዕድርተኛው ነው። ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ለለቀስተኛው ውኃ የሚቀዳ፣ ሐዘንተኛው ሥራ በፈታባቸው ቀናት ልጆቹን የሚያበላ እሱ ነው። ለእኔ ከሱቆቹ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ይሄ ነው። ነገ ወዴት እንደሚወሰድ የማያውቅ ሰው ለጎረቤቱ ቀብር በየወሩ ያዋጣል።

የቱርካና ሰዎችም ከዚህ ሰንሰለት ውጭ አይደሉም። ከሰሉን፣ እንጨቱን፣ ፍየሉን ይሸጣሉ፤ በስደተኛ ቤት ውኃ ይቀዳሉ፣ ልብስ ያጥባሉ። በግጦሽና በእንጨት የተነሣ ደም የፈሰሰበት ጊዜ አለ፤ እርዳታው ለመጤው ብቻ ሲሰጥ ባለአገሩ መራቡ ያስከተለው ቁጣም እውነተኛ ነበር። የዓለም ባንክ ግን በ2016 ባወጣው ጥናት፣ የስደተኞቹ መኖር የአካባቢውን ምርት በ3 በመቶ ገደማ ከፍ እንዳደረገው ገምቷል።

ሰንሰለቱ ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነ በ2025 በግልጽ ታየ። የለጋሾች ገንዘብ ሲቀንስ ራሽኑ ከሙሉው መጠን ከአንድ ሦስተኛ በታች ወረደ፤ በሞባይል የሚላከውም ገንዘብ ቆመ። እናትየው ዕዳዋን መክፈል አቃታት፤ ባለሱቁ ለአከፋፋዩ የሚመልሰው አጣ፤ አከፋፋዩም መኪና ማስጫኑን ቀነሰ። ደብተሩ ላይ የቀረ ዕዳ ሱቁን ያዘጋል፤ በየወሩ የሚጣል ገንዘብ ሲጠፋም ዕቁቡ ይበተናል። የእርዳታ ቅነሳ ሲታቀድ የሚሰላው የተራበው ሰው ቁጥር ነው። ከእሱ ጋር አብሮ የሚወድቀው የመተማመን ገንዘብ ግን በየትኛውም በጀት ላይ አይታይም፤ መታየት አለበት እላለሁ።

ኬንያ በ2021 አዲስ የስደተኞች ሕግ አውጥታለች። በመጋቢት 2025 ደግሞ «ሺሪካ» የተባለውን፣ መጠለያዎቹን ቀስ በቀስ ስደተኛውና ባለአገሩ አብረው ወደሚኖሩባቸው ከተሞች የመቀየር ዕቅድ በይፋ ጀምራለች። የካኩማ ነጋዴ ለቱርካና አውራጃ አስተዳደር የንግድ ፈቃድ መክፈል ከጀመረ ቆይቷል፤ ግብር ከፋይ ለመሆን ዕቅዱን አልጠበቀም። ከዕቅዱ የሚፈልገው ሌላ ነው። ያለ ይለፍ ወረቀት አውቶቡስ ተሳፍሮ ኪታሌ መውረድ፣ ሸቀጡን በዓይኑ አይቶ መግዛትና የደላላውን ትርፍ ለራሱ ማስቀረት ይፈልጋል። ይህ ከተፈቀደለት የስኳሩ ዋጋ ይቀንሳል፤ ዱቤ የያዘችውም እናት ዕዳዋ ይቀልላታል።