ወደ ታች የሚያወርድ ጨዋታ

በዕረፍት ቀን በኮምፒዩተር ለመጫወት ተቀምጣችሁ፣ የቀረበላችሁ ጨዋታ ጉድጓድ ከመቆፈር በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ቢሆን ምን ትሉ ይሆን? እንዲህ ያለ ጨዋታ በእርግጥ አለ። አነስተኛ ቡድን አዘጋጅቶት በአውሮጳ አቆጣጠር በ2025 መጀመሪያ ላይ ወጣ። ስሙ «አ ጌም አባውት ዲጊንግ አ ሆል» ሲሆን፣ ትርጓሜውም «ጉድጓድ ስለ መቆፈር የተሠራ ጨዋታ» ማለት ነው። ስሙ ምንም የሚደብቀው ነገር የለም።

ተጫዋቹ አንድ ቤት ይገዛል፤ በጓሮው ውስጥ ሀብት እንደ ተቀበረም ይሰማል። አካፋ ይዞ ይወርዳል። ያገኘውን ማዕድን ወደ ላይ አውጥቶ ይሸጣል፤ በገንዘቡም የተሻለ አካፋ፣ ሰፊ ከረጢትና ብዙ የሚቆይ ባትሪ ገዝቶ ተመልሶ ይወርዳል። ጨዋታው ጥቂት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከታች ምን እንደ ተቀመጠ ግን እዚህ አልነግራችሁም፤ ለቆፈረው ይቆየው።

ይህን የመሰለ ተራ ሥራ ለምን ደስ ያሰኛል? አካፋው በተሰነዘረ ቁጥር ተጫዋቹ ያላየውን ነገር ያያል፤ ያየውም ነገር ቀጥሎ ስላለው እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ዳሩ ግን ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቶሎ በሰለቸ ነበር። ጣዕሙን የሚሰጠው ገደቡ ነው። ከረጢቱ ይሞላል፤ ባትሪው ይደክማል። «አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም» የሚል ተጫዋች መመለሻውን ያጣል። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። በ1982 ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ዲግ ዳግ» የተባለውን አፈር እየቆፈሩ ከአውሬ ጋር የሚታገሉበት ጨዋታ አውጥቷል፤ በ2004 በካናዳ የተሠራው «ማዘርሎድ» ደግሞ ነዳጁን፣ ጭነቱንና ሽያጩን አንድ ላይ አጣምሮ ነበር።

ስለዚህ ጨዋታ ማብራሪያ ለመጻፍ ብትነሡ «ቆፈረ» የሚለው ግሥ ብቻውን አይበቃችሁም። አማርኛችን በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። ዶሮ መሬት ትጭራለች። ገበሬ ድንች ይቆፍራል። ችግኝ ተካይ ጉድጓድ ይምሳል። ነቀዝ እህል ይቦረቡራል። ሌባ ግድግዳ ሰርስሮ ይገባል። የላሊበላ ጠቢባን አብያተ ክርስቲያናቱን ከአንድ አለት ፈለፈሉ። ከጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ተነሥቶ ውሃውን ወደ በለስ የሚወስደው፣ በ2010 ሥራ የጀመረው መሿለኪያ 12 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ሰርስሮ ያልፋል። «ፈለፈለ» በምትሉበት ቦታ «ጫረ» ብትሉ አንባቢያችሁ ይስቃል።

በጣና ሐይቅ ወለል ላይ የተደረገው ምርምር ግን ሌላ ግሥ ይፈልጋል። ሄንሪ ላም የተባሉት ተመራማሪ፣ ኢትዮጵያውያን ካሉበት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2007 ባሳተሙት ጥናት የሐይቁን ጭቃ መርምረዋል። የሐይቁ ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። ተመራማሪዎቹ ከዚያ በታች ባዶ ቧንቧ ወደ ጭቃው ሰክተው፣ ጎራዴ ከሰገባው እንደሚመዘዝ፣ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ የጭቃ ዓምድ መዘዙ። ጭቃው ተራውን እንደ ጠበቀ ወጣ፤ ላዩ የቅርብ ዘመን፣ ታቹ የጥንት ዘመን ነው።

እዚህ ላይ ከጨዋታው ጋር ያለውን ልዩነት አስተውሉ። በጨዋታው ውስጥ ማዕድኑ ይሸጣል፤ አፈሩ ግን አካፋው እንደ ነካው ይጠፋል፤ ማንም አይፈልገውም። በጣና የተፈለገው አፈሩ ራሱ ነው። ከመካከላቸው የአንዱ ንብርብር ተራ ቢዛባ ኖሮ የተነበበው ታሪክ ሁሉ በተበላሸ ነበር።

ታሪኩም የሚከተለው ነው። ከ18,700 ዓመት እስከ 16,700 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ጣና ደርቆ ነበር። ከደረቀው ጠንካራ ወለል በላይ የረግረግ ዕፅዋት ብስባሽ ተገኘ፤ ይህም ዝናቡ ሲመለስ የሐይቁ መካከል በመጀመሪያ ደንገል የበቀለበት ረግረግ እንደ ነበረ ያመለክታል። ከዚያም ውሃው እየጨመረ ሄደ፤ መውጫ ስላልነበረው ግን በፀሐይ እየተነነ ጥቂት ጨው ያዘ። ይህ የታወቀው ጨዋማ ውሃ የሚወዱ፣ በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች ቅርፊት በጭቃው ውስጥ በመገኘቱ ነው። ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ውሃውም ወዲያው ጣፈጠ፤ ዓባይም ከጣና መውጣት ጀመረ።

ዛሬ ከባሕር ዳር ወደብ ወደ ገዳማቱ የምትቀዝፈው ታንኳ የምትሠራው ከዳርቻው በሚታጨድ ደንገል ነው። ጥልቁ ውሃ ላይ ስትደርስ፣ ከሐይቁ ወለል 10 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያ የጥንቱ ረግረግ ብስባሽ ተጋድሞ ይገኛል።