ከማጀት ወደ ችሎት

«ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» ሲባል ኖሯል። ተረቱ አጭር ነው፤ የሚወስነው ግን የሰው ዕድሜ ልክ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ለዓመታት የሴቶች መብት አማካሪው አድርጎ ያሠራቸው ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ይህን ድልድል ካልተቀበሉት ሴቶች አንዷ ናቸው። አሶሳ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፣ ገና በወጣትነታቸው የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነዋል።

ያኔ ይሠራበት የነበረው ሕግ ራሱ የተረቱ ወዳጅ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርጋል፤ ሚስትም እንድትታዘዘው ያዛል። ባል የቤት ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ይደነግጋል። ለጋብቻ ወንድ 18 ዓመት ሲጠበቅበት ለሴት 15 ይበቃ ነበር።

ሕጉ ሲወጣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የምክር ቤት አባል ነበሩ። የእርሳቸው ሕይወት በዚያ ድንጋጌ ውስጥ ከቶ አይገባም። ስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱት ስንዱ ጣሊያን ሲወር ጎሬ ላይ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተይዘውም ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ ተውኔት ጻፉ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ በሕዝብ ተመርጣ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ለብዙዎች ግን እንዲህ ያለ በር አልተከፈተላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ሲያሳድዷት ተኩሳ ጠላፊዋን ገደለች። በአካባቢው ልማድ ሚስት ሆና መቅረት ይጠበቅባት ነበር። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉም ቢሆን ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ከክስ ያድነው ነበር። እርሷ ግን በነፍስ ግድያ ተከሰሰች።

ወይዘሮ መዓዛ ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ወሰደ። በመጨረሻም ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል መሆኑን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። ታሪኩ ከዓመታት በኋላ «ድፍረት» በተሰኘው ፊልም ለዓለም ታየ።

ማኅበሩ በአንድ ፍርድ አልረካም፤ ሕጉ እንዲለወጥ ወተወተ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 213 የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ የባልን አለቅነት ሽሮ ቤተሰብን ማስተዳደር የሁለቱም እኩል መብት እንዲሆን ደነገገ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ በኃይል ጠልፎ ማግባትን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ጠላፊው የጠለፋትን ቢያገባ እንኳ ከተጠያቂነት አይድንም።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሕግ በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ በመገደቡ የማኅበሩ አቅም ክፉኛ ተዳከመ። ገደቡ የተነሣው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 22 ቀን ወይዘሮ መዓዛ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ቦታውን ሴት ስትይዘው የመጀመሪያዋ ነበሩ፤ እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. መርተውታል።

የእነዚህ ሴቶች ጽናት ለራሳቸው ብቻ አልቀረም። አንዷ እምቢ ባለች ቁጥር ለተከታይዋ ዋጋው ቀንሷል። የተለወጠው ሕግ ግን በየቤቱ የሚገባው ሰው ሲያውቀው ነው። በቤተሰብ ጉዳይ የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚዳኘው በዚሁ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ለመጋባት ያሰባችሁ ሁሉ ድግሱን ከመደገሳችሁ በፊት ይህን እኩል መብት የሚደነግገውን አንቀጽ 50ን አብራችሁ አንብቡ፤ ልጆቻችሁንም፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ በዚያው ቃል አሳድጉ።