መሪ ሲቀየር የፍሬን ዘይቱን ውሃ ልክ እንጠብቅ

የሞተር ብስክሌትን መሪ መቀየር ቀላል ሥራ ይመስላል። አሮጌው ይፈታል፤ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ አዲስ መሪ ይታሰራል፤ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎችም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በስተቀኝ፣ ከፊት ፍሬን እጀታ አጠገብ የሚገኘው ትንሽ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ከአዲሱ መሪ ጋር ሊዘም ይችላል። ይህ መዝመም የአሽከርካሪውን ሕይወት እስከ መንካት የሚደርሰው ለምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል (1623–1662 እ.ኤ.አ.) ያስተማረንን ሕግ እናስታውስ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት ሳይቀነስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል። ስለዚህ በጎማው በኩል ያለው ፒስተን ዲያሜትር በእጀታው በኩል ካለው እጥፍ ቢሆን ስፋቱ 4 እጥፍ ስለሚሆን፣ የሚሰጠውም ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል። ይህ የሚሠራው ግን ቱቦውን የሞላው ፈሳሽ ብቻ ሲሆን ነው። አየር በቀላሉ ይጨመቃል። በቱቦው ውስጥ አየር ካለ የእጃችን ጉልበት አየሩን በመጭመቅ ያልቃል፤ እጀታው ይልማል፤ ፍሬኑም በሚገባ አይዝም።

ለመሆኑ አየር ከየት ይገባል? እጀታውን ስንለቅ ፒስተኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ በማጠራቀሚያው ወለል ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል ዘይት ይስባል። ቀዳዳዎቹ ዘይት ካልሸፈናቸው በዘይት ፈንታ አየር ይሳባል።

ጉዳዩን በስሌት እንመልከት። 6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ማጠራቀሚያ በርዝመቱ አቅጣጫ 15 ዲግሪ ዘመመ እንበል። በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚኖረው የጥልቀት ልዩነት 6 በ15 ዲግሪ ታንጀንት ተባዝቶ 1.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መካከሉ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ዘይት ካለ አንዱ ጫፍ 2.8፣ ሌላው 1.2 ሴንቲ ሜትር ይኖረዋል። በሥራው ዕለት ምንም ጉድለት አይታይም። ይሁን እንጂ የፍሬን ሸራው እያለቀ ሲሄድ የጎማው ፒስተን ወደ ዲስኩ ይጠጋል፤ የለቀቀውንም ቦታ ከማጠራቀሚያው የሚወርድ ዘይት ይሞላዋል። የመካከሉ ጥልቀት ወደ 0.7 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ከፍ ያለው ጫፍ ይደርቃል። ቀዳዳዎቹ በዚያ በኩል ከሆኑ አየር ገባ ማለት ነው። ማጠራቀሚያው ውሃ ልኩን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ግን ያው ዘይት ወለሉን በሙሉ ይሸፍነው ነበር። እንግዲህ ዛሬ የተፈጸመ ስሕተት ከወራት በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

ስለዚህ መሪ ስንቀይር ብስክሌቱን በጎን መደገፊያው ሳይሆን ቀጥ አድርገን በደልዳላ ቦታ እናቁመው፤ የፊት ጎማውንም እናቅናው። ማጠራቀሚያው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከዘመመ ማሰሪያውን አላልቶ ማዞር ይበቃል። ወደ ጎን ከዘመመ ግን ምክንያቱ የመሪው ቅርጽ ስለሆነ ማዞር አያቃናውም፤ የሚስማማ ሌላ መሪ መምረጥ ይሻላል። ቀጥሎም መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞርን ቱቦው እንዳይወጠርና እንዳይቆለመም እናረጋግጥ። ቱቦው ከማጠራቀሚያው በላይ ቀስት ሠርቶ ካለፈ የአየር አረፋ በዚያ ይጠራቀማል። ቱቦው ተፈትቶ ከነበረ አየሩ በሙሉ መውጣት አለበት፤ የሚጨመረውም ዘይት በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ብቻ ይሁን።

በመጨረሻም ከመነሣታችን በፊት እጀታውን እንጨብጠው። ከለመለመብን ጉዞው ይቅር።