ስለ ቡና ማሳ ምዝገባ የአውሮፓ ሕግ አውጭዎችና ነጋዴዎች ያደረጉት ምክክር

የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፥ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ከልክሏል። ካካዎ፥ ጎማ፥ አኩሪ አተር፥ የዘንባባ ዘይት፥ ከብትና እንጨትም በዚሁ ሕግ ውስጥ ናቸው። አስመጪው ነጋዴ ቡናው የተለቀመበትን የእያንዳንዱን ማሳ ኬክሮስና ኬንትሮስ በኅብረቱ የኮምፒዩተር መዝገብ ማስገባት አለበት። ማሳው ከ4 ሄክታር ያልበለጠ እንደ ሆነ አንዲት ነጥብ ትበቃለች፤ ከበለጠ ግን ወሰኑ ዙሪያውን ይጻፋል።

ሕጉ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. እንዲጸና ተቀጥሮ ነበር። ዳሩ ግን ነጋዴዎችና አምራች አገሮች ጊዜ እንዲሰጣቸው ስላመለከቱ ቀኑ በአንድ ዓመት ተራዘመ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ኮሚሽኑ ራሱ፥ መዝገቡ የሚጎርፍለትን ጽሑፍ ሁሉ ሊሸከም እንደማይችል አስታወቀ። በዚህ ጊዜ የነጋዴዎቹ ቃል አንድ አልነበረም። አስቀድመው ገንዘብ ያወጡ አንዳንድ ታላላቅ ቸኮላታ ሠሪዎች፥ መዘግየቱ የሚጠቅመው ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን ነው ብለው ተቃወሙ። ሌሎች ሕጉ እንዲላላ ለመኑ። በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. በተወሰነው መሠረት ለታላላቅና ለመካከለኛ ነጋዴዎች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፥ ለታናናሾቹ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ተቈረጠ፤ መጻሕፍትና ጋዜጦች ከሕጉ ወጡ፤ በመዝገቡ ቃል የሚሰጠውም ዕቃውን መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ብቻ ሆነ።

እንግዲህ የቀለለው በባሕር ማዶ ያለው ሸክም ነው፤ ከማሳው የሚፈለገው ነጥብ እንዳለ ቀርቷል። በእኛ አገር ደግሞ የብዙ ገበሬ ቡና በአንድ ማጠቢያ ስለሚቀላቀል፥ ያልተመዘገበው የአንዱ ቡና ሊለይ ካልቻለ የጎረቤቶቹንም ጭምር ያስከለክላል።

ስለዚህ መዝጋቢው ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ሕጉ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው አኃዝ በመሬት ላይ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው። ጅማ በ7.67 ኬክሮስና በ36.83 ኬንትሮስ አካባቢ ትገኛለች፤ ጸሓፊው ሁለቱን ቢያገላብጥ የጅማው ማሳ በአልጀሪያ ሰሜናዊ ጠረፍ አጠገብ ይወድቃል። ይህን የመሰለ ስሕተት ገበሬው ሳያውቀው ቡናውን ያስቀርበታል። ጥላ ዛፍ ያለበት የቡና ማሳም በሳተላይት ሲታይ ደን ስለሚመስል፥ መሬቱ ከመቼ ጀምሮ ቡና እንደ ነበረ የአገሩ ሽማግሌዎች የሚሰጡት ምስክርነት አብሮ ቢጻፍ መልካም ነው።

ገበሬውም መሬት የሚለካው ለግብር ወይም ለነጠቃ ነው ብሎ ሊጠራጠር ይችላል፤ ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ አስቀድሞ ሊነገረው፥ የተጻፈለትም ነጥብ ግልባጩ በእጁ ሊሰጠው ይገባል። በምክክሩ ያልተቀመጠው እርሱ ነውና፥ የሚያነሣው ጥያቄ በቃሉ ተጽፎ ለበላይ መሥሪያ ቤት ይተላለፍ። የተቈረጠው ቀን ዳግመኛ ካልተለወጠ፥ በጥቅምትና በኅዳር 2019 ዓ.ም. የሚለቀመው ቡና በዚህ ሕግ ይመዘናል።