የሄክታሩ ነጥብና የአባቶቻችን ሲሶ

ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ በአሰላና በዙሪያዋ ያለው ደጋ የስንዴና የገብስ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። በዚህ አገር የቀድሞው ገበሬ መሬቱን በጥማድ፣ እህሉን በቁና ይለካ ነበር፤ ከባለ መሬቱ ጋራ ምርቱን ሲካፈልም የሚነገረው እኩሌታ፣ ሲሶ ወይም እርቦ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት ርዳታ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በአሰላ ተጀምሮ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ማከፋፈል ከያዘ ወዲህ ኪሎና ሄክታር እየተለመዱ ሄዱ። ዛሬ በይዞታ ደብተሩ ላይ የሚነበበው 0.375 ወይም 1.25 ሄክታር የሚል ነው።

እንግዲህ አባት ደብተሩን ለተማሪ ልጁ ሰጥቶ፣ «ይህ 0.375 ስንት ጥማድ ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቀው ልጁ ምን ይመልስ? ከነጥቡ በኋላ ሦስት አኃዞች ስላሉ ቁጥሩ 375/1000 ማለት ነው። ላዩንም ታቹንም ለ5 ሲያካፍል 75/200፣ እንደ ገና ለ5 ሲያካፍል 15/40፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያካፍል 3/8 ይሆናል። ከዚህ በኋላ ሁለቱን የሚያካፍል ቁጥር ከ1 በቀር የለምና ቁጥሩ ተቃለለ ይባላል። አንድ ጥማድ በብዙ ቦታ የሄክታር ሩብ ያህል ስለሚገመት፣ ይኸውም 2/8 ስለሆነ፣ መልሱ አንድ ጥማድ ተኩል ነው። አባትም ወዲያው ይገባዋል።

ችግሩ ያለው በሲሶ ላይ ነው። ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እኅታቸው የወረሱትን 2 ሄክታር እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ እንበል። የእጅ ስልኩን ቢጠይቁት 0.6666667 ይላቸዋል፤ መጨረሻ ላይ 7 መጻፉም ነገሩ ያለቀ ለማስመሰል ነው እንጂ ስድስቱስ ማለቂያ የለውም። ጸሓፊው አሳጥሮ ለእያንዳንዳቸው 0.66 ቢጽፍ ሦስቱ ድርሻ ተደምሮ 1.98 ብቻ ይሆናል። የጐደለው 0.02 ሄክታር፣ ማለት 200 ካሬ ሜትር ነው፤ በዚህ ስፋት ቤት ተሠርቶ ጓሮ ይተርፋል! 0.67 ቢጽፍ ደግሞ ድምሩ 2.01 ሆኖ የሌለ መሬት ያካፍላቸዋል። የአንድ እናት ልጆች «ድንበር ገፋህ» ተባብለው ሽማግሌ ለሽማግሌ የሚንከራተቱት ከዚህም ባነሰ ነገር ነው።

ማለቂያ የሌለውን ቁጥር ወደ ክፍልፋይ ለመመለስ መንገዱ እንዲህ ነው። 0.666… በ10 ቢባዛ 6.666… ይሆናል፤ ከዚህ ላይ የመጀመሪያው ሲቀነስ ጭራው ሁሉ ተጠፋፍቶ 6 ይቀራል። ዐሥር እጁ በአንድ እጁ ሲቀነስ ዘጠኝ እጅ ነውና ቁጥሩ 6/9፣ ሲቃለልም 2/3 ነው። የተቃለለ ክፍልፋይ በነጥብ ተጽፎ የሚያልቀው ታቹ ከ2 እና ከ5 ብቻ የተባዛ ሲሆን ነው፤ ሩብና ስምንተኛ ያልቃሉ፣ ሲሶና ስድስተኛ ግን አያልቁም።

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ቀኑን በ60 ኬክሮስ መክፈላቸው በዚህ ረገድ የሚያስደንቅ ነው፤ 60 ለ2ም፣ ለ3ም፣ ለ4ም፣ ለ5ም፣ ለ6ም ያለ ትርፍ ይካፈላልና። የቀኑ ሲሶ 20 ኬክሮስ ነው፣ አለቀ። ዓመቱም 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ነው ይላሉ። 15/60 ሲቃለል ሩብ ነው፤ ተማሪው 365.25 ብሎ የሚጽፈው ይህንኑ ነው። አራቱ ሩብ ተጠራቅሞም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች።

ወደ ሦስቱ ወራሾች እንመለስ። በውላቸው ላይ «ለእያንዳንዳቸው 2/3 ሄክታር» ተብሎ ይጻፍ። ማሳው ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ በወርዱ ልክ ገመድ ቈርጦ ለሦስት እኩል ማጠፍና በእጥፋቱ ልክ በላይኛውም በታችኛውም ጫፍ ችካል መትከል ይበቃል፤ ነጥብም አያስፈልግ። አንዱ ወገን ለም፣ ሌላው ጭንጫ ከሆነ ግን ለሙንም ጭንጫውንም ለየብቻ ለሦስት መክፈል ነው።