ሻንጣ ውስጥ የሚጓዘው ሐልዎ

በሶማሊላንዷ ሐርጌሳ ሐልዎ ሻጭ ፊት የቆመ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ይቀምሳል። እኔም የቀመስኩት እንዲሁ ነው። ሻጩ ሰፊውን ትሪ ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ በቢላው ጫፍ ጥጉን ቆረሰና «ወላል፣ ቅመስ» አለኝ። ወላል ወንድሜ ማለት ነው፤ ለእህትም ያገለግላል። ቁራጩ ከቢላው ላይ ሲወርድ ተንቀጠቀጠ። ወደ ብርሃን ሳነሣው እንደ ማር አሳለፈ፣ ጣቴ ላይም የቅቤ ወዝ ተወ። አፌ ውስጥ ሲገባ ቀድሞ የሸተተኝ ሄሉ ነው። ስኳሩ ተከትሎ መጣ፤ ገውዙ ግን ከዋጥኩት በኋላ እንኳ ጉሮሮዬን ሞቅ አድርጎት ቆየ።

እኛ ሐላዋ የምንለውን ሱማሌዎች ሐልዎ ይሉታል። ሁለቱም ስሞች ጣፋጭ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጡ ናቸው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ ብዙ ዓይነት ነው። ከሰሊጥ ተፈጭቶ የሚሠራውና ሲነክሱት የሚፈረፈረው ሐላዋ ሌላ ነው። የሱማሌው ሐልዎ ግን ስታርች፣ ስኳርና ቅቤ አንድ ላይ ተማስለው የሚሠራ ለስላሳ ጣፋጭ ነው። የቅርብ ዘመዱን የሚፈልግ ሰው ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን ተሻግሮ የመንና ኦማን ያገኘዋል። የኦማኑ ሐልዋ በሄል፣ በሳፍሮንና በጽጌረዳ ውሃ ይጣፍጣል፣ ከቡናም ጋር ይቀርባል። በባሕር ንግድ የተሳሰሩት ከተሞች ሁሉ፣ ዛንዚባር ሳይቀር፣ የየራሳቸው ሐልዋ አላቸው። ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር የሚመለስ ሰው ሐላዋና ሙሸበክ ሳይዝ ቤት ቢገባ የሚሰማውን ወቀሳ ለምናውቅ ሰዎች ደግሞ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

አሠራሩ ሲናገሩት ቀላል ነው፣ ሲሠሩት ክንድ ይጠይቃል። ስኳር በሰፊ የብረት ድስት ውስጥ በውሃ ይፈላል። የበቆሎው ስታርች ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። ቀዝቃዛ መሆኑ ምክንያት አለው፤ ደረቁ ስታርች በቀጥታ ፈላ ውሃ ውስጥ ቢገባ ውጪው ወዲያው ይበስልና ውስጡ ዱቄት እንደሆነ ይጓጉላል። የተበጠበጠው ወደሚፈላው ስኳር ሲጨመር እያንዳንዷ የስታርች ቅንጣት ሙቀቱን አግኝታ ውሃ እየጠጣች ታብጣለች፣ ትፈነዳለች፣ እርስ በርሷም ትያያዛለች። እንደ ወተት ነጭ የነበረው ፈሳሽ ዓይን እያየ መስታወት የመሰለ ይሆናል። ስኳሩ ውሃውን ስለሚሻማ ይህ ለውጥ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ሠሪው ረጅሙን መማሰያ ይዞ ያለ ዕረፍት ማማሰል አለበት። ለአፍታ ቢተወው ሥሩ ያራል፣ ያረረው ሽታም ድስቱን በሙሉ ያዳርሳል። ቅቤው ወይም ዘይቱ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። ሄሉና ገውዙ ወደ መጨረሻ ይገባሉ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ቀለሙም እንዲሁ። አንዳንዱ ለውዝ ይጨምርበታል።

መድረሱ የሚታወቀው በሰዓት አይደለም። ድብልቁ ከድስቱ ግድግዳ ለቅቆ በመማሰያው ዙሪያ እንደ አንድ አካል መዞር ሲጀምር፣ የጠጣውን ቅቤ መልሶ ወደ ላይ ሲተፋ፣ ያኔ ደርሷል ይባላል። ትሪ ላይ ይገለበጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይቆረጣል። ልምድ ያለው ሠሪ መማሰያውን ብቻ አይቶ ያውቀዋል፤ እንጀራ ጋጋሪ ዓይን ሲወጣ አይታ አክንባሎውን እንደምትደፋው ማለት ነው።

ሐልዎ የዕለት ምግብ አይደለም። የሚበላው በደስታ ቀን ነው፤ ለዒድ፣ ለኒካሕ፣ ለሠርግ፣ ከሩቅ ለመጣ እንግዳ። ከሻይ ወይም ከቡና ጋር ይቀርባል፣ ምግብ ካበቃ በኋላ ዳብቃድ በሚሉት የሸክላ ማጨሻ ኡንሲ የሚባለው ዕጣን ሲጤስ ደግሞ የሄሉና የዕጣኑ ሽታ ተቀላቅሎ ቤቱን ይሞላል። ለሱማሌ ልጅ የሐልዎ ሽታ የሠርግ ሽታ ነው። ከጥርስ ጋር ከሚታገለው ከረሜላ የሚለየውም በዚህ ነው። ከረሜላ አንድ ሰው ለብቻው ኪሱ ከትቶ ይበላዋል፤ ሐልዎ ግን በኪሎ ተመዝኖ፣ በሳህን ተቆርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው።

ሐርጌሳ ደግሞ መሰብሰብ የከበዳት ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1988 የሶማሊያው የሲያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከራሷ ከከተማዋ ማረፊያ እየተነሡ ደበደቧት። ሕዝቧ ወደ እኛ ድንበር ተሰደደ። ሐርቲሸኽ ላይ የተቋቋመው ካምፕ በአንድ ወቅት የዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ ይባል ነበር፤ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከዚያም ብዙዎች ወደ ለንደን፣ ካርዲፍ፣ ቶሮንቶ፣ ሚኒያፖሊስና ዱባይ ተበተኑ። ሶማሊላንድ ግንቦት 18 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. ራሷን ነጻ ካወጀች በኋላ ከተማዋ እንደገና ስትገነባ የውጭ ኑሮ የያዘው ትውልድ በየዓመቱ ክረምት ላይ ለዕረፍት መመለስ ጀመረ። ቁርባጆግ ይሏቸዋል። ሲመጡ ሻንጣቸው በልብስና በመድኃኒት ይሞላል። ሲሄዱ የወጣው ልብስ ቦታ ላይ ሐልዎ ይገባል።

የሐልዎ ማስታወቂያ ከዚህ ይጀምራል። ማንም አላቀደውም፣ ማንም አልከፈለበትም። ክዳኑ በፕላስተር የታሸገ የፕላስቲክ ዕቃ በልብስ ተጠቅልሎ የሐርጌሳው ኤጋል አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። ሐልዎ ለዚህ ጉዞ የተሠራ ይመስላል፤ ስኳሩ ብዙ በመሆኑ ያለ ማቀዝቀዣ ሳምንታት ይቆያል። (ለሚጓዝ ሰው አንድ ምክር፤ ለስላሳ ስለሆነ ፍተሻ ላይ እንደ ጄል ሊቆጠር ይችላልና በእጅ ቦርሳ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ይግባ።) ለንደን ሲደርስ የተላከላት አክስት ክዳኑን ከመክፈቷ በፊት ስልኳን ታነሣለች። ፎቶው ለእናት ይላካል፤ ደርሷል ለማለት። እናትየዋ ለእህቷ ታሳልፋለች። በዚያ ፎቶ ጥግ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሠሪው ስም የለም።

ይህ ያስቆጨኛል። አንድ የጣፋጭ ቤት በዓመት ስንት ኪሎ ወደ ስንት ከተማ እንደሄደለት የሚያውቅበት መንገድ ቢኖረው፣ የከፈለበት ማስታወቂያ የማይደርስበት ቦታ እንደደረሰ ያይ ነበር። መንገዱም አስቸጋሪ አይደለም። ክዳኑ ላይ የቤቱን ስምና ስልክ የያዘ ወረቀት መለጠፍ፣ «የደረሰበትን ቦታ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልን» ብሎ መጻፍ፣ በየወሩ ጥሩውን መርጦ መሸለም፣ የመጡትንም ፎቶዎች ሱቁ ግድግዳ ላይ መስቀል።

ጣፋጭን በደረሰበት ቦታ ማስታወቅ የቆየ ብልሃት ነው። በሰሜን እንግሊዝ ኬንዳል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከስኳርና ከናና ዘይት የሚሠራ ጠንካራ ነጭ ጣፋጭ ትሠራለች። እንግሊዝን ላልረገጠ ሰው የኬንዳልን ስም ያሰማው ግንቦት 29 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. ነው። ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ የኤቨረስት ጫፍ ላይ ሲደርሱ የበሉት ያንኑ ጣፋጭ ነበር። ሠሪው ቤት ሮምኒ ይባላል፤ ዛሬም ይህን ታሪክ ይዞ ይሸጣል። ልብ በሉ፤ ጣፋጩ ስለ ጣዕሙ አልተወራለትም። የተወራለት የት እንደደረሰና ማን እንደያዘው ነው። የሐርጌሳ ሐልዎ ኤቨረስት አያስፈልገውም። ሚኒያፖሊስ በረዶ ውስጥ የቆመ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የተከፈተ ሐልዎ ለሱማሌ ዓይን ከኤቨረስት አያንስም።

ውድድር ሲባል ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። እኛ አገር የለስላሳ ቆርኪ ሥር ሽልማት ፍለጋ በጥፍራችን ስንፈለፍል ያደግን ነንና የዕጣ ጉልበት እናውቃለን፤ ከሱቅ ደጅ የወደቀ ቆርኪ ሳይገለበጥ አይታለፍም ነበር። ይኸው ጉልበት ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ደግሞ ፔፕሲ በፊሊፒንስ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1992 ቆርኪ ላይ በታተሙ ቁጥሮች እስከ አንድ ሚሊዮን ፔሶ እሸልማለሁ አለ፤ በስሕተት 349 የሚለው አሸናፊ ቁጥር በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ቆርኪዎች ላይ ታተመ። ሰዉ ሽልማቱን ሲከለከል ረብሻ ተነሣ፣ የኩባንያው መኪኖች ተቃጠሉ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ክሱም ፍርድ ቤት ለዓመታት ተንከባለለ።

ሐርጌሳ ላይ ዕጣ ሌላም እንቅፋት አለበት። እስልምና ቁማርን ይከለክላል፤ ገንዘብ አውጥቶ በዕድል ማሸነፍ ለዚያ የቀረበ ነውና ብዙ ሰው ይሸሸዋል። ስለዚህ የፎቶ ውድድር በችሎታ የሚዳኝ መሆኑ ትርፉ እጥፍ ነው፤ ክርክርም ይቀንሳል፣ ሕሊናም አይቆረቁርም። ዳኞቹ እነማን እንደሆኑ፣ መቼ እንደሚያበቃና ሽልማቱ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ክዳኑ ላይ ይጻፍ። ሽልማቱም ትልቅ መሆን የለበትም። ውጭ ያለ ሰው ፎቶ ልኮ ቢያሸንፍ ሁለት ኪሎ ሐልዎ ሐርጌሳ ያለች እናቱ ቤት ድረስ ቢወሰድለት፣ ከገንዘብ የበለጠ የሚወራለት ይመስለኛል። ገንዘብ ይሁን ከተባለም በከተማዋ ከጎዳና ቸርቻሪ እስከ ጅምላ ነጋዴ በዛድ ነው የሚከፋፈለው፤ ቴሌሶም የተባለው የስልክ ኩባንያ ይህን የሞባይል ገንዘብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፣ መላኩ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ፎቶው የት ይነሣ የሚለው ለእኔ ከሽልማቱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሐርጌሳ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ፎቶ የሚነሣው መሐል ከተማ ከቆመው የሚግ አውሮፕላን ሐውልት ሥር ነው። ያ አውሮፕላን ከተማዋን ከደበደቡት አንዱ ነው፤ ከሥሩ የተሳሉት ሥዕሎች የሞትና የመቆረጥ ሥዕሎች ናቸው። ጣፋጭ ይዞ እዚያ መሳቅ የሚያስከፋው ሰው አለ፣ ልክም ነው። ይልቅ መንትዮቹ ኮረብቶች ናሳ ሐብሎድ አሉ፤ ከከተማዋ ብዙ ቦታ ይታያሉ። በበርበራ መንገድ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ላስ ጌል አለ፤ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ2002 ለዓለም ያስተዋወቁት የዋሻ ሥዕል፣ አንገታቸው ያጌጠ ላሞች ቀለማቸው ሳይለቅ የሚታዩበት። ሐልዎውን ግን ከዋሻው ውጭ፤ የቅቤ እጅ ያንን ግድግዳ መንካት የለበትም። የግመል ገበያውም ያምራል፤ ባለግመሉን ሳያስፈቅዱ ካሜራ ማንሣት ግን ነውር ነው። በገበያ ያሉ ሴቶችንም እንዲሁ። ውድድሩ የሰው ፊት የሌለበትን ፎቶ ከፊት ካለበት እኩል እንደሚያይ ከመጀመሪያው ቢናገር ብዙ እናቶች ይሳተፋሉ። አንድ እጅ፣ አንድ ሳህንና አንድ መስኮት ይበቃል።

መስኮት ያልኩት በከንቱ አይደለም። ሐልዎ ፍላሽ አይወድም፤ ፊት ለፊት የበራበት ብርሃን ቅቤው ላይ ይንጸባረቅና ጣፋጩን የደረቀ ሳሙና ያስመስለዋል። ከኋላ ወይም ከጎን የጠዋት ፀሐይ ሲገባበት ግን ውስጡ ያለው ለውዝ ሳይቀር ይታያል፣ ጠርዙም ይበራል። ቀዝቃዛ ቢላ ይጎትተዋል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ በተጠረገ ቢላ የተቆረጠው ጎኑ ለስልሶ ይወጣል። ለውድድር ፎቶ የሚልክ ሰው ይህን ሁለት ነገር ቢያውቅ ይበቃዋል።

የሠሪውን ስም ክዳኑ ላይ መጻፍ ከውድድሩም ያለፈ ጥቅም አለው። ዋሂን የሚባለው ትልቁ የሐርጌሳ ገበያ መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሌሊት ሲቃጠል በሺዎች የሚቆጠሩ ነጋዴዎች ሱቅና ሸቀጣቸውን ባንድ ሌሊት አጡ። ረመዳን ሊገባ ጫፍ ላይ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሱቁን ላጣ ነጋዴ የሚቀረው ስሙና ደንበኛው ነው። የሐልዎ ሠሪ ስም ክዳን ላይ ተጽፎ በሰው ስልክ ውስጥ ከሐርጌሳ እስከ ቶሮንቶ ቢቀመጥ፣ እሳት የማይደርስበት ቦታ ተቀመጠ ማለት ነው።

እኔ ከሐርጌሳ ሁለት ኪሎ ይዤ በጅግጅጋ በኩል ተመለስኩ። ቶጎ ውጫሌ ድንበር ላይ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ ሸሚዞቼን አነሣና የፕላስቲኩን ዕቃ አየው። አልከፈተውም። ክዳኑን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ «ሐልዎ» አለና መልሶ በሸሚዙ ሸፈነው። አዲስ አበባ ቤት ስደርስ እናቴ ቡና ላይ ነበረች። እህቴ ሳህኑን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ ስኒውን ከጎኑ አደረገችና አነሣችው፤ ፎቶው ዛሬም ስልኬ ላይ አለ። የጀበናው እንፋሎት በአንድ በኩል ይወጣል፣ ሐልዎው በፀሐዩ ብርቱካናማ ሆኖ ይበራል፣ ጥጉ ላይ የእናቴ ጣቶች አንዱን ቁራጭ ሊያነሡ ሲመጡ ይታያሉ።